ሥጋ ደዌና የራስ እንክብካቤ

የሰው ልጅ ከሚጠላቸው ነገሮች አንዱ ሕመም ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ እሾህ የወጋው መንገደኛ ጉዞውን አቋርጦ ይቀመጣል፤ የጋለ ጀበና የነካች ሴት እጇን ወዲያው ትሰበስባለች። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሕመሙን የሚያመሰግን አይገኝም። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀረብ ብለው ሲመለከቱት ሕመም ለአካል የቆመ ዘበኛ መሆኑ ይታወቃል። መንገደኛው እሾሁን ነቅሎ የሚጥለው ስለሚያመው ነው። የሴቲቱም እጅ ሳይላጥ የቀረው የመቃጠሉ ስሜት ከሐሳቧ ቀድሞ ስለደረሰላት ነው። ይህ ዘበኛ ቀንም ሌሊትም አያንቀላፋም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ አንድ ጎኑ ሲደክም ወደ ሌላው ያገላብጠዋል።

ይህ ዘበኛ ከአንድ ሰው እጅና እግር ላይ ቢነሣ ምን ይከተላል? መልሱ የሚገኘው ከጥንት ጀምሮ የሰውን ልጅ ሲያስፈራ በኖረው በሥጋ ደዌ በሽታ ዘንድ ነው። ሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ሆኗል። ነገር ግን ከበሽታው መዳንና ከአካል ጉዳት መዳን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን መድኃኒቱ ይፈጽመዋል፤ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው በሕመምተኛው በራሱ እጅ ነው። የሥጋ ደዌ ሕክምና በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ለሕሙማን የሚሰጠው ትምህርት መሠረቱ ይኸው ነው።

የበሽታው ጠባይ

ሥጋ ደዌን የሚያመጣው በዐይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ይህንን ተሕዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1873፣ ቦታውም ቤርገን የተባለችው ከተማ ነበር። ከዚያ በፊት በኖርዌይ የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሐንሰን ግኝት ይህን እምነት ከሥሩ ነቀለው።

ተሕዋሱ እጅግ ዝግተኛ ነው። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሲራቡ፣ ይህኛው አንድ ጊዜ ለሁለት ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። በዚህም ምክንያት ተሕዋሱ በሰው አካል ውስጥ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ የበሽታው ምልክት እስኪታይ ድረስ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያልፋል። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ በሽተኛ አፍንጫና አፍ በሚወጣ ረቂቅ ፍንጣቂ ሲሆን፣ ለዚህም ለረዥም ጊዜ ተቀራርቦ መኖር ያስፈልጋል። በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም በአንድ ወንበር በመቀመጥ አይተላለፍም። ከሰዎችም አብዛኞቹ በተፈጥሮ የመከላከል ኃይል ስላላቸው ተሕዋሱ ቢደርስባቸው እንኳ አይታመሙም።

ተሕዋሱ ቀዝቀዝ ያለ የአካል ክፍል ይመርጣል። ስለዚህ የሚያጠቃው ከሁሉ በፊት ቆዳንና ለቆዳ የቀረቡትን ነርቮች ነው። ነርቭ እንደ ስልክ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ ቀጭን የአካል ክር ነው። ሥራውም በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ ትኩሱንና ቀዝቃዛውን፣ የሚወጋውንና የሚቆረቁረውን ለአንጎል ያስታውቃል። ሁለተኛ፣ ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ለጡንቻ አድርሶ ጣት እንዲታጠፍ፣ እግር እንዲራመድ፣ የዐይን ቆብ እንዲከደን ያደርጋል። ሦስተኛ፣ ቆዳ ላብ እያወጣ እንዲለሰልስ ይረዳል። በክርን፣ በእጅ አንጓ፣ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚትና በፊት አካባቢ የሚያልፉ ነርቮች በተሕዋሱ ሲጎዱ እነዚህ ሦስቱም ሥራዎች ይጓደላሉ፤ እጅና እግር ይደነዝዛሉ፣ ጣቶች ይዝላሉ ወይም ይቆለመማሉ፣ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል።

የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በቆዳ ላይ የሚወጣ፣ ከአካባቢው ደብዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡ አያሳክክም፣ አያምምም። ብዙ ሰዎችም ቋቁቻ መስሏቸው ይተዉታል። የጤና ባለሙያው ግን በጥጥ ጫፍ ነካ እያደረገ ይመረምረዋል፤ በሽተኛው ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ የተነካበትን ቦታ ማመልከት ካልቻለ ስሜቱ መጥፋቱ ይታወቃል። ከዚህም ሌላ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የጣት መድከም፣ በፊትና በጆሮ ላይ የሚወጣ እብጠት የበሽታው ምልክቶች ናቸው። እንግዲህ በሽታው ሲጀምር ስለማያሳምም ሰው ወደ ሐኪም ለመሄድ አይቸኩልም። ሌሎች በሽታዎች በማሳመማቸው ይታወቃሉ፤ ይህ ግን የሚታወቀው ባለማሳመሙ ነው።

በዚህ ላይ የሐፍረት ሸክም ይጨመራል። በኢትዮጵያ በሽታው የርግማን ውጤት ወይም የዘር ጉድለት ነው የሚል እምነት ለብዙ ዘመን ሥር ሰዶ ስለቆየ፣ ምልክቱን ያየ ሰው ከጎረቤትና ከዘመድ ይሰውረው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የትዳር ጓደኛ ሥጋ ደዌ ያለበት መሆኑን ሳያውቁ መጋባትን ጋብቻ ሊያፈርስ ከሚችል ስሕተት ቈጥሮት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የዚህን በሽታ ስም ለይቶ አያነሣም። ሕጉ ቢለወጥም ፍርሃቱ ገና ፈጽሞ አልጠፋም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል እንደ ሥጋ ደዌ የሚስማማው በሽታ ጥቂት ነው፤ በመሰወር የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ነርቮች የሚሞቱበት ወር ነውና።

ሕክምናው

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የተቋቋመው በ1920ዎቹ ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ስላልነበረ፣ በሽተኛ ወደዚያ የሚሄደው ለመዳን ሳይሆን ለመጠለል ነበር ማለት ይቻላል። ከመላ አገሪቱ የመጡ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ እየቀለሱ ሰፈር መሠረቱ። በዚሁ ሥፍራ በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1965) የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና መልሶ ማቋቋሚያ ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉ አለርት በሚለው አጭር ስሙ ይታወቃል። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች እዚያ ሠልጥነዋል። ከጎኑም እ.ኤ.አ. በ1970 በሐንሰን ስም የተሰየመ የምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ።

በሽታውን በእርግጥ የሚዋጋው የመጀመሪያው መድኃኒት ዳፕሶን ሲሆን፣ ጥቅም ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነበር። ሆኖም ዳፕሶን ለብዙ ዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነበር። ብቻውን ለረዥም ጊዜ በመሰጠቱም ተሕዋሱ እየለመደው ሄደ። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ከአንድ በላይ የሆኑ መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። መድኃኒቶቹም ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአንደኛው መድኃኒት ያመለጠ ተሕዋስ በሌላው ይያዛል። ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ያለበት ሰው ሕክምናውን በ6 ወር፣ በሽታው የተስፋፋበት ደግሞ በ12 ወር ይጨርሳል። ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ መድኃኒቱ በዓለም ሁሉ ለሕሙማን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ወዲህም ከ16 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ሕክምና ድነዋል።

ሕክምናውን የሚጀምር ሰው ከሆስፒታል ወይም ከጤና ጣቢያ ሳይወጣ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መድኃኒቱ የአንድ ወር መጠን በያዘ እሽግ ይታደላል። የወሩን የመጀመሪያ መጠን በሽተኛው በጤና ባለሙያው ፊት ይውጣል፤ የቀረውን በየቀኑ በቤቱ ይወስዳል። በዚያው ቀን ሽንቱ ቢቀላ ሊደነግጥ አይገባም፤ ሪፋምፒሲን የሚያመጣው ቀለም ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ ይህም ሕክምናው ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለቃል። ብዙ ሰዎች መድኃኒቱን አቋርጠው የሚጠፉት በዚህ ጥቁረት በማፈር ስለሆነ፣ አስቀድሞ መንገሩ ታላቅ ጥቅም አለው። በሌላ በኩል ግን በመላ አካል ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ቆዳ ከተላጠ፣ ወይም ዐይን ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱን መውሰድ አቁሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ የሚያስደስተው ነገር፣ መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽተኛው በሽታውን ወደ ሌላ ሰው የማያስተላልፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚኖርበት፣ ማዕዱ ወይም መኝታው የሚለይበት ምክንያት የለም።

በሕክምናው ጊዜ፣ ከሕክምናውም በኋላ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ ሊጠብቀው የሚገባ አንድ አደጋ አለ። ይኸውም አካል የሞቱትንና በመሞት ላይ ያሉትን ተሕዋስያን ሲዋጋ በድንገት የሚነሣው መቆጣት ነው። ያኔ የቆዩት ነጠብጣቦች ይቀላሉ፣ ያብጣሉ፤ ነርቮች ያምማሉ፤ እጅ ወይም እግር በቀናት ውስጥ ሊዝል ይችላል፤ ዐይንም ሊቀላና ሊታመም ይችላል። ብዙ ሕሙማን ይህን ሲያዩ መድኃኒቱ የጎዳቸው ይመስላቸውና ያቋርጡታል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ሊያዝዝ ይችላል፤ ይህም መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚቆም እንጂ በሽተኛው ተሻለኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ በድንገት የሚተወው አይደለም። ነርቩ ከተጎዳ 6 ወር ሳይሞላው ይህ ሕክምና ከደረሰለት የማገገም ተስፋ አለው። ከዚያ ከዘገየ ግን ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል።

ጣት እንዴት ይጠፋል?

በቀድሞ ዘመን ሰዎች የበሽተኛው ጣት የሚያጥረው ሥጋው በራሱ እየበሰበሰ ስለሚወድቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለበሽተኛው የወጣው የንቀት ስምም ከዚህ ከጣት መቆረጥ የመጣ ነው። ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን ካሳዩት ሰዎች አንዱ በሕንድ አገር፣ በቬሎር ከተማ ይሠራ የነበረው ፖል ብራንድ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ብራንድ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የተቆለመሙ እጆች በቀዶ ሕክምና ያቀና ነበር። በሥራውም መካከል ሕሙማኑ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉ በጥንቃቄ ተከታተለ። ከዚያም ቁስሉ የሚመጣው ከበሽታው ሳይሆን ካልተሰማ ጉዳት መሆኑን ተረዳ። አንዱ የጋለ ድስት በባዶ እጁ ያነሣል፤ ሌላው የዛገ ቁልፍ እስኪዞርለት ድረስ በኃይል ሲጠመዝዝ ጣቱን ይሰነጥቃል፤ ሌላው ጫማው ውስጥ ሚስማር ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ሌሊት ተኝተው ሳለ ጣታቸውን አይጥ የበላቸው እንኳ ነበሩ፤ ለዚህም መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የሚመለስ ሕመምተኛ ድመት እንዲይዝ ማድረግ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ታላቅ ነው። ጤነኛ ሰው እግሩ ሲቆስል ያነክሳል፤ ማነከሱ ቁስሉን ያሳርፈዋል፤ ቁስሉም ይድናል። የደነዘዘ እግር ያለው ሰው ግን ስለማያነክስ ቁስሉን በየእርምጃው ይረግጠዋል። ቁስሉ ጠልቆ አጥንት ይደርሳል፤ አጥንቱ ይመረቅዛል፤ ከጊዜ በኋላም አጥንቱ እያለቀ ጣቱ ያጥራል። እንዲህ ከሆነ ቁስሉን በመከላከልና የቆሰለውን በማሳረፍ ጣትን ማዳን ይቻላል ማለት ነው። የደነዘዘ ሥጋ እንደ ማንኛውም ሥጋ ይድናል፤ የጎደለው ጠባቂ ብቻ ነው።

የራስ እንክብካቤ

የሞተ ነርቭ በመድኃኒት አይመለስም። ስለዚህ ከሕክምና በኋላም ስሜት የሌለው እጅ ወይም እግር የቀረው ሰው በሕመም ምትክ ዐይኑን ዘበኛ ማድረግ ይኖርበታል። በሆስፒታል የሚሰጠው የራስ እንክብካቤ ትምህርት በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም ውድ መሣሪያ ሳይሆን ውሃ፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ንጹሕ ጨርቅና በየቀኑ የአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው።

ሀ. እጅ። ምግብ የምታበስል ሴት ድስትና ምጣድ ስታነሣ ወፍራም ጨርቅ መጠቀም ይገባታል። ሻይና ቡና ሲጠጣም እጀታ ያለው ወይም በጨርቅ የተያዘ መጠጫ ይመረጣል። ገበሬ የመጥረቢያውንና የማጭዱን እጀታ፣ የሞፈሩንም ዕርፍ በጨርቅ ቢጠቀልል መዳፉ ውሃ ከመቋጠርና ከመሰንጠቅ ይድናል። ምድጃ ቀርቦ እሳት መሞቅ፣ ሲጋራ እስከ ጫፉ ማጨስ፣ ፍም በእጅ ማንሣት አደገኛ ነው። ጣቶቹ መቆልመም የጀመሩ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ በሌላኛው እጁ ጣቶቹን ቀስ እያለ በየቀኑ ቢዘረጋቸው መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳል።

ለ. እግር። ሕመምተኛው በየማታው ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙንና በጣቶቹ መካከል ያለውን ቦታ ይመረምራል፤ ማየት ካልቻለ መስተዋት ይጠቀማል ወይም ከቤተሰቡ አንዱን ያስመለክታል። የቀላ፣ ያበጠ፣ የሞቀ ወይም ውሃ የቋጠረ ቦታ ካገኘ ቁስል እየመጣ መሆኑን ይረዳል። ቀጥሎም እግሩን ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ለብ ባለ ሳይሆን በተራ ውሃ ይዘፈዝፋል፤ የደነዘዘ እግር የውሃውን ሙቀት ስለማይለይ የፈላ ውሃ ሊልጠው ይችላልና። ከዚያም የደደረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ ብሎ ይፍቀዋል፤ በምላጭ ግን አይቆርጠውም። በመጨረሻም ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀባዋል። ይህ ቅባት ውሃው ከቆዳው እንዳይወጣ ስለሚያግድ፣ ነርቩ ሲሞት የቀረውን ላብ ይተካል።

ጫማ ለደነዘዘ እግር መድኃኒት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥሩ ጫማ ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ከኋላው ማሠሪያ ያለው፣ ሚስማርም የሌለበት ነው። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም በሚስማር የተያያዘ ከሆነ ለደነዘዘ እግር አይስማማም። ጫማ ከመጠለቁ በፊት ጠጠር ወይም እሾህ እንዳይኖርበት መራገፍና መፈተሽ አለበት። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው በየመካከሉ ማረፍ፣ ረዥም እርምጃ ትቶ አጠር አጠር እያደረገ መራመድ ይገባዋል።

ቁስል ከወጣ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና እግሩን ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ማረፍ ነው። የማያምም ቁስል ይዞ ሥራ መፍታት፣ በተለይ በእርሻ ወይም በመከር ወራት፣ ለማንም የሚቀል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ያልታረፈበት ቁስል በወር የሚድነው በዓመት አይድንም። ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ እግሩ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ጉዳዩ ከቤት እንክብካቤ በላይ ስለሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ሐ. ዐይን። የፊት ነርቭ ሲጎዳ የዐይን ቆብ አልከደን ይላል፤ ዐይኑም ስሜት ስለሚያጣ አቧራ ሲገባበት አይታወቀውም። በዚህ ምክንያት ዓይነ ስውርነት ሊመጣ ይችላል። ሕመምተኛው በየጠዋቱ ዐይኑን በመስተዋት ተመልክቶ መቅላቱንና አለመቅላቱን ይለያል፤ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ቀን ቀን አስታውሶ ደጋግሞ ይጨፍናል፤ ከፀሐይና ከአቧራ ለመከላከል ባርኔጣ ወይም መነጽር ያደርጋል፤ ሲተኛም ፊቱን በስስ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍናል። ዐይን ከቀላ ወይም ማየት ከደከመ ግን ጊዜ መስጠት አይገባም።

በኅብረት መሥራት

ይህን ሁሉ ለአንድ ሳምንት መፈጸም ይቻላል፤ ለዕድሜ ልክ መፈጸም ግን ብርቱ ጽናትን ይጠይቃል። ለብዙ ዓመታት ሕሙማን ለጥቂት ቁስል ሁሉ ፋሻ ለማግኘት ከሩቅ እየተጓዙ ወደ ሆስፒታል ይመላለሱ ነበር። ጉዞው ራሱ ቁስሉን ያባብሰዋል፤ ፋሻውም ሲያልቅ እንክብካቤው ያልቃል። ይህን በመገንዘብ አለርት እ.ኤ.አ. በ1995 ሕሙማን በየአካባቢያቸው በራስ እንክብካቤ ቡድን እንዲደራጁ ማድረግ ጀመረ። የቡድኑ አባላት በተወሰነ ቀን ይሰበሰባሉ፤ እጅና እግራቸውን በአንድነት ይዘፈዝፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ውስጥ እግር ይመረምራል፤ ቁስሉ የዳነለት ሰው እንዴት እንደዳነለት ያስረዳል፤ ችላ ያለውም ይወቀሳል። ቁስሉን ለማሸግ የሚጠቀሙበትም በቤታቸው ታጥቦ የደረቀ ጨርቅ ነው።

የእነዚህ ቡድኖች ውጤት በቁስል መቀነስ ብቻ አልተወሰነም። ንጽሕናቸውን በመጠበቃቸውና በራሳቸው መተማመን በመጀመራቸው፣ ቀድሞ ከሰው ይሸሹ የነበሩ አባላት በማኅበራዊ ስብሰባ መገኘት ጀመሩ። የሆስፒታል ተመላላሽ ሆኖ መኖርና የራስን አካል በራስ እየጠበቁ መኖር ያላቸው ልዩነት በዚህ ታየ።

ሥጋ ደዌ ከምድር ገና አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በመላው ዓለም ከ200,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ተገኝተዋል፤ በኢትዮጵያም በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ይታወቃል። ከእነዚህ መካከል ሕፃናትና ወጣቶች አሉበት። ስለዚህ ስሜት የሌለው ነጠብጣብ በራሱ፣ በወንድሙ ወይም በጎረቤቱ ላይ ያየ ተማሪ ነገሩን ሳይሸሽግ ለወላጆቹ ማስታወቅና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ መምከር ይገባዋል። ከሕክምና የተመለሰውንም ሰው በሰላምታና በማዕድ መቀበል ያስፈልጋል። በማግለል የሚፈራ ሰው ነጠብጣቡን ይሸፍናል፤ የሸፈነው ነጠብጣብም እስከ ነርቩ ሞት ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል። በሰው መካከል ያለ ፍርሃት የሚኖር ሕመምተኛ ግን በጊዜ ይታከማል፤ የቀረውንም ጥበቃ ውሃውን፣ ዘይቱንና መስተዋቱን ይዞ በየማታው በቤቱ ይፈጽማል።

ጥያቄዎች

1. የሕመም ስሜት ለአካል የሚሰጠው ጥቅም ምንድን ነው? ከምንባቡ ሁለት ምሳሌ በመጥቀስ አስረዱ።
2. የሥጋ ደዌ ሕክምና ከአንድ በላይ በሆኑ መድኃኒቶች እንዲሰጥ የተደረገው ለምንድን ነው?
3. የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጣት የሚያጥርበትን ምክንያት የቀድሞው እምነት እንዴት ይገልጸው ነበር? ትክክለኛው ምክንያትስ ምንድን ነው?
4. «ከበሽታው መዳንና ከአካል ጉዳት መዳን አንድ አይደሉም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አገላለጽ አብራሩ።
5. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለሌላ ምን ዓይነት ጉዳይ ሊነገር ይችላል? አንድ አጭር አንቀጽ ጻፉ።